ጠብታ በወረቀት ላይ፦ ለኦንኮ ዳሰሳ ከልጅ ጣት ደም አወሳሰድና አደራረቅ

«ጠብታዋ አነሰችብኝ። ሌላ ልደርብባት?»

የዳሰሳ ወቅት በደረሰ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ከቆላ ይደወላል፣ ከደጋም ይደወላል፣ መልሱ ግን አይለወጥም፦ አትደርቡ። ችግሩ «አትደርቡ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱ ያልገባው ሰው ቀኑ ሲመሽና የልጆቹ ሰልፍ ሲረዝም መደረቡ አይቀርም። ስለዚህ ሥራውን ከዝግጅቱ ጀምሬ እስከ ላቦራቶሪው በር ድረስ በተራ ልጻፈው።

መመሪያው ለኦንኮሰርኪያሲስ (ዓይንንና ቆዳን ለሚጎዳው የትል በሽታ) ክትትል ከልጆች ጣት ደም ወስደው በወረቀት ለሚያደርቁ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ። መስክ ላይ ሁላችንም በሽታውን «ኦንኮ» ስለምንለው እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

መጀመሪያ፦ ላቦራቶሪው ምን እየፈለገ ነው?

ይህን ሳታውቁ ደረጃዎቹን ብትሸመድዱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በአጭሩ።

የኦንኮን ትል ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው በፈጣን ወንዞች ውስጥ የምትራባ ጥቁር ዝንብ ናት። ትሉ ሰው ውስጥ ሲገባ ሰውነት ኦቪ16 በሚባለው የትሉ ፕሮቲን ላይ አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ያመርታል። ኤላይዛ በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ የሚፈለገው ይህ አንቲቦዲ ነው፤ አይጂጂ4 የሚባለው ዓይነት።

አንቲቦዲ ሕመሙ ካለፈ በኋላም ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የአባትየው ደም ስለ ድሮ ንክሻም ያወራል። የ6 ዓመት ልጅ ደም ግን ከ6 ዓመት ወዲያ የሚያወራው ታሪክ የለውም። እሱ ላይ አንቲቦዲ ከተገኘ ትሉ በቅርብ ዓመታት ሲተላለፍ ነበር ማለት ነው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚመረጡት ለዚህ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ አካባቢ የአይቨርሜክቲን (የኦንኮ መድኃኒት) እደላ እንዲቆም ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ከ10 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ አንቲቦዲው ከ0.1 በመቶ በታች መሆኑን ማሳየት ነው። ለዚህ ቢያንስ 2000 ልጆች ይመረመራሉ። ሌላው መስፈርት የዝንቦቹ ምርመራ ነው፤ እሱ የሌላ ቡድን ሥራ ስለሆነ እንለፈው።

0.1 በመቶ ማለት ከ1000 ልጆች አንድ ማለት ነው። እንዲህ በጠበበ ወሰን ላይ አንድ የተቀያየረ ኮድ ወይም አንድ የተደረበ ጠብታ የአንድን ወረዳ ውሳኔ ሊያዛባ ይችላል። ላቦራቶሪው ደግሞ የተበላሸ ጠብታን የሚያድስበት ማሽን የለውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለ100 ልጅ ስትወጡ ለ110 ያዙ። ላንሴትን (የጣት መውጊያውን) ግን ለ120፤ አንዳንዱ ሳይወጋ ይተኩስና ይባክናል።

- የደም መውሰጃ ወረቀት። ሁለት ዓይነት ያጋጥማችኋል፦ ዙሪያውን ስድስት ጆሮ ያለው ክብ ወረቀት (ትሮፕባዮ) እና ክቦች የታተሙበት ካርድ (ዋትማን 903)
- ራሱ ተመልሶ የሚገባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ላንሴት። ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥልቀቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ
- ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ጓንት
- 70 በመቶ አልኮል የተነከረ መጥረጊያ
- ደረቅ ጎዝ ወይም ጥጥ፣ ትንሽ ፕላስተር
- ሴፍቲ ቦክስ፣ ለሌላው ቆሻሻ ደግሞ የተለየ ከረጢት
- ወረቀቶቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ የሚይዝ ማድረቂያ መደርደሪያ
- ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት፣ ትንሹም ትልቁም
- የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት (ሲሊካ ጄል) እና የእርጥበት ማሳያ ካርድ
- በኮድ የታተመ ተለጣፊ፣ እርሳስ፣ መዝገብ፣ የስምምነት ቅጽ
- ሳሙናና የእጅ መታጠቢያ ውኃ
- የትንኝ አጎበር ቁራጭ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 9 ላይ ታያላችሁ)

ደረጃ 1፦ ኮዱን ቀድማችሁ ለጥፉ

ለአንድ ልጅ አንድ ኮድ። ያው ኮድ በሦስት ቦታ ይለጠፋል፦ ወረቀቱ ላይ፣ ቅጹ ላይ፣ መዝገቡ ላይ። ይህን ልጁ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ጨርሱ። ደም እየፈሰሰ ተለጣፊ የሚልጥ ሰው ይሳሳታል።

በእጅ የምትጽፉት ካለ በእርሳስ ጻፉ። የእስክሪቢቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይሟሟል። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፤ በአንድ ጎጥ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ማግኘት ብርቅ አይደለም። ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ ጎጥና የቤቱ ኃላፊ መዝገቡ ላይ ይሰፍራሉ። እዚያ ላይ አትሳሱ። በኋላ ልጁን ፈልጋችሁ መመለስ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቦታውን አስተካክሉ

ጥላ ያለበትና ነፋስ አቧራ የማያመጣበት ቦታ ምረጡ። ሦስት ጠረጴዛ ይኑራችሁ፦ መመዝገቢያ፣ ደም መውሰጃ፣ ማድረቂያ። የሚጠብቁት ልጆች የሚወጋውን ልጅ ማየት የለባቸውም። አንዱ ካለቀሰ ሰልፉ በሙሉ ያለቅሳል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስታባብሉ ትውላላችሁ።

ትምህርት ቤት ብቻ ሄዳችሁ አትመለሱ። የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ብዙዎቹ ገና አልገቡም፣ ከብት የሚጠብቁትም እዚያ የሉም። በተለይ ለወንዙ ቅርብ የሆኑት ጎጦች እንዳይቀሩ። ዝንቧ ያለችው እዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ወላጁንና ልጁን አስፈቅዱ

ደም ጉዳይ ሆኖ ጥርጣሬ የማይነሣበት መንደር አላየሁም። «ወዴት ነው የምትወስዱት?» «ኤችአይቪ ልትመረምሩ ነው?» ይባላል። በቀጥታ መልሱ። የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ነው፤ የሚመረመረው በስምምነት ቅጹ ላይ ለተጻፈው በሽታ ብቻ ነው፤ ወላጅ እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ቢል ልጁ መድኃኒትም ሆነ ሌላ አገልግሎት አይቀርበትም። ቅጹን አንብቡላቸው። ማንበብ ለማይችሉ ምስክር አስቀምጡ።

ልጁንም ጠይቁት። «የትኛውን እጅህን ልያዝ?» ማለት ብቻ ብዙ ለቅሶ ያስቀራል። ወላጅ ፈቅዶ ልጁ አጥብቆ እምቢ ካለ አትያዙት። የሚታገል እጅ ላይ ላንሴት መተኮስ ለእናንተም አደጋ ነው።

ምግብ መብላቱንም ጠይቁ። በጾም ወቅት ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እስከ ቀትር ሳይቀምስ ሊመጣ ይችላል። የራበው ልጅ ቶሎ ይዞርበታል።

ደረጃ 4፦ ዕድሜና የኖረበትን ቦታ አጣሩ

ዕድሜ እዚህ የቅጽ ማሟያ አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ በ9 ዓመት ስም ከገባ ውጤቱ የሌላ ዘመን ታሪክ ይዞ ይመጣል።

የልደት ካርድ ወይም የክትባት ካርድ ካለ ተመልከቱ። ከሌለ በሚታወቅ ነገር አስሉ። «የተወለደው ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» «ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ይሄድ ነበር?» «ከጎረቤት ልጅ ይበልጣል?» እናት ዓመተ ምሕረቱን ብትረሳ እንኳ ይህን አትረሳም።

እዚህ ላይ በየዓመቱ የሚደገም ስሕተት አለ። እናት የነገረችን የልደት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። ታብሌቱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ያሰላል። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመርና የ6 ዓመት ልጅ 14 ሆኖ ከዳሰሳው ይወጣል። አንድ አቆጣጠር ምረጡ፣ መዝገቡ አናት ላይ ጻፉት፣ ቡድኑ በሙሉ በእሱ ይሥራ። ሰዓቱም እንደዚያው። «3 ሰዓት» የሚለው ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ካልተለየ ወረቀቱ ስንት ሰዓት እንደደረቀ የሚያውቅ የለም።

ቀጥሎ፦ ልጁ እዚህ ነው የተወለደው? ካልሆነ ከየት፣ መቼ መጣ? መተማን ውሰዱ። ድንበሩን ተሻግሮ ከሱዳኑ ገላባት ጋር አንድ የኦንኮ ቀጣና ነው። በሰሊጥ ወቅትም ከደጋ ብዙ ሰው ለሥራ ይወርዳል። ባለፈው ወር የመጣ ልጅ ላይ የተገኘ አንቲቦዲ ስለዚህ ወንዝ ላይናገር ይችላል። አትመልሱት፣ ግን ጻፉት።

ደረጃ 5፦ እጁን አሙቁ፣ ጣቱን ምረጡ

እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከቀዘቀዘ በመዳፋችሁ መካከል ያዙት ወይም እጁን ወደ ታች አንጠልጥሎ ያወዛውዘው። የሞቀ እጅ ሳይጨመቅ ይደማል። ይህች አንድ ደቂቃ ቀጥሎ ያለውን ጣጣ ግማሹን ታስቀራለች።

የመሃል ጣት ወይም የቀለበት ጣት ይሁን። ልጁ ከማይሠራበት እጅ ብትወስዱ ይሻላል፤ ቆዳው ስስ ነው፣ በኋላም ሲጫወት አያመውም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቆዳቸው ይወፍራል። ትንሿ ጣት ደግሞ ሥጋዋ ስስ ስለሆነ አጥንት ሊነካ ይችላል።

ደረጃ 6፦ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ ጠብቁ

ጥረጉና እስኪደርቅ ተዉት። አትንፉበት፣ በጎዝ አታብሱት። ያልደረቀ አልኮል ሦስት ነገር ያበላሻል፦ ቁስሉን ያቃጥላል፣ የደም ሴሎችን ያፈነዳል፣ ጠብታው እንዳይቋጠር አድርጎ ጣቱ ላይ ያፈሰዋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ልጁን እስከዚያ ስለ ላሞቹ ጠይቁት።

ደረጃ 7፦ ውጉ

ከጣቱ ጫፍ መሃል ትንሽ ወደ ጎን፣ ሥጋ ያለበት ላይ። ላንሴቱን የጣት አሻራ መስመሮቹን እንዲያቋርጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከመስመሩ ጋር አብራችሁ ከወጋችሁ ደሙ በመስመሩ ቦይ ይፈሳል እንጂ ጠብታ አይሠራም። ላንሴቱን ጠበቅ አድርጋችሁ አስደግፉትና ተኩሱ። ፈርታችሁ በስሱ ብታስነኩት ሁለተኛ መውጋታችሁ ነው።

ወዲያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ። ጠረጴዛ ላይ «ለአንዴ» አይቀመጥም።

የመጀመሪያውን ጠብታ በደረቅ ጎዝ ጥረጉት። ከቆዳው ሥር የወጣ ፈሳሽና የአልኮል ቅሪት የተቀላቀለበት እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ጠብታውን አንሡ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ስልክ የሚያስደውለው ይህ ደረጃ ነው።

እጁ ከልቡ በታች ይሁን። ከጣቱ ሥር ወደ ጫፍ በቀስታ ደገፍ አድርጉ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ደገፍ። ላም እንደሚያልብ አትጭመቁ። በጭመቃ የሚወጣው ግማሹ የሥጋ ውኃ ነው። ደሙ ይቀጥናል፣ አንቲቦዲውም አብሮ ይቀጥናል።

ጠብታው ሞልቶ ሲንጠለጠል የወረቀቱን ጆሮ ጫፍ ወደ ጠብታው አቅርቡ። ወረቀቱ ራሱ ይጠጣዋል። ጣቱን ወረቀቱ ላይ አትጫኑ፣ አታሹ። ጆሮው ሞልቶ ደሙ ከኋላም በእኩል ሲታይ ወደ ቀጣዩ ጆሮ እለፉ።

አሁን ወደ ጥያቄው። አንዱ የትሮፕባዮ ጆሮ የሚጠጣው 10 ማይክሮ ሊትር ደም ነው፤ ታስቦ የተሠራው ለዚያ ነው። ላቦራቶሪው ያንን ጆሮ ቆርጦ ፈሳሽ ውስጥ ይነክረዋል። የሚያሰላው «እዚህ ውስጥ 10 ማይክሮ ሊትር አለ» ብሎ ነው። ማንም ደግሞ አይለካውም። ግማሽ የሞላ ጆሮ ከላካችሁ አንቲቦዲ ያለበት ልጅ የሌለው ሊመስል ይችላል። ደርባችሁ ከላካችሁ ደግሞ ወሰኑ አጠገብ ያለ ንባብ ወሰኑን ሊሻገር ይችላል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ መድረቅ ከጀመረ ሁለተኛው በእኩል አይሰራጭም። ላዩ ላይ ቅርፊት ሆኖ ይረጋል፣ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባም በደንብ አይለቅም።

ስለዚህ ጠብታዋ ካነሰች ጆሮዋን እንዳለች ተዉት። ወደ ቀጣዩ ጆሮ ሂዱ። መዝገቡ ላይ «ጆሮ 2 አልሞላም» ብላችሁ ጻፉ። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለት የሞሉ ጆሮዎች ከስድስት ግማሾች ይበልጡብኛል።

ወረቀታችሁ ዋትማን 903 ከሆነም ሕጉ ያው ነው። ለአንድ ክብ አንድ ትልቅ ጠብታ፣ ከአንድ ወገን ብቻ፣ ከኋላ እስኪታይ። ክቡን ለመሙላት ብላችሁ ከፊትም ከኋላም አታስነኩ።

ደሙ ከቆመ ጎዙን በቀስታ አንዴ ጥረጉበት፤ አንዳንዴ የረጋው ጫፍ ሲነሣ ይቀጥላል። እምቢ ካለና አንድም ጆሮ ካልሞላ በወላጁና በልጁ ፈቃድ ሌላ ጣት በአዲስ ላንሴት አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩ። ሦስተኛ የለም። ልጁን አመስግናችሁ ሸኙት።

ስትጨርሱ ጎዙን ያዙበት፣ ፕላስተር ለጥፉ፣ ደሙ መቆሙን ሳታዩ አታሰናብቱ።

ደረጃ 9፦ አድርቁ

ወረቀቱ ከምንም ነገር ጋር ሳይነካካ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይድረቅ። ይህ ለመተማ ዓይነቱ ደረቅ ቆላ ነው። በከፋ ወይም በጅማ ዝናብ ላይ ከሆናችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ደማቁ ቀይ ወደ ጠቆር ያለ የቡና ቀለም ሲለወጥና ከወረቀቱ የሚሰማችሁ የእርጥበት ቅዝቃዜ ሲጠፋ ደርቋል። ጠብታውን በጣት ነክታችሁ አትፈትኑ።

ፀሐይ ላይ አታስጡት። ምድጃ አጠገብ፣ የመኪና ሞተር ላይ፣ በፀጉር ማድረቂያም አይሆንም። አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል። እርጥብ ሳለ ከረጢት ውስጥ ከገባ ደግሞ ይሻግታል።

አጎበሩ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ደም ለዝንብ፣ ለበረሮና ለጉንዳን ግብዣ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን መደርደሪያዬን አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ የጉንዳን ሰልፍ የጆሮዎቹን ጫፍ እየከረከመ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የጠረጴዛውን አራት እግር ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆማለሁ፣ በላዩ አጎበር አለብሳለሁ። ዋጋው አራት የቲማቲም ጣሳ ነው።

ደረጃ 10፦ አሽጉ

እያንዳንዱን የደረቀ ወረቀት በየራሱ ትንሽ ከረጢት አስገቡ። ደም ከደም ጋር ከተነካካ የአንዱ ልጅ አንቲቦዲ ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል። ትንንሾቹን ከረጢቶች በትልቁ ሰብስቡ፤ ትልቁ ውስጥ የእርጥበት መምጠጫና ማሳያ ካርድ ጨምሩ። አየሩን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ አውጡና ዚፑን ዝጉ።

ትልቁ ከረጢት ላይ ቀበሌ፣ ቀን፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ኮድ እንዳለ ጻፉ። ከዚያ ቁጠሩ። የወረቀቱ ብዛት ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ከቦታው አትነሡ። ማታ ሆቴል ገብቶ አንድ የጎደለ ወረቀት መፈለግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የማሳያ ካርዱን በየቀኑ ተመልከቱ። አብዛኞቹ ሲደርቁ ሰማያዊ፣ ሲረጥቡ ሮዝ ናቸው፤ የእናንተው ካርድ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ከተለወጠ መምጠጫውን ቀይሩ።

ደረጃ 11፦ አቆዩ፣ ላኩ

በደንብ የደረቀና የታሸገ ወረቀት ለጥቂት ቀናት በክፍል ሙቀት ይቆያል። ፍሪጅ ካገኛችሁ አስገቡት። ለረጅም ጊዜ ግን ቦታው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በቆላ ቀትር ላይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ከቀዝቃዛ ቦታ ስታወጡት ከረጢቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቱ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ወረቀት ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል፤ ያን ሁሉ የማድረቅ ድካም በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጓጉቶ ወዲያው ይከፍታል።

ስትልኩ የኮዶቹን ዝርዝር ከወረቀቱ ጋር፣ ቅጂውን ደግሞ ከእናንተ ጋር አድርጉ። የስም መዝገቡ ከናሙናው ጋር አይሄድም።

ማስጠንቀቂያ

ላንሴት እናንተኑ ከወጋችሁ ቦታውን ወዲያው በውኃና በሳሙና እጠቡ። አትጭመቁት፣ አትምጠጡት። ለአስተባባሪው ተናግራችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። «ልጅ ነው፣ ምን ይኖረዋል» ብሎ መተው የለም።

ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። እጅ አስገብቶ መጠቅጠቅ ክልክል ነው። መንደር ውስጥም ጥላችሁት አትሂዱ፤ ልጆች ከፍተው ይጫወቱበታል።

ሲቆስል ደሙ ቶሎ የማይቆምለት ልጅ እንዳለ ወላጆችን ጠይቁ። ካለ አትውጉት።

ልጁ ላቡ ከመጣና ፊቱ ከነጣ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ወረቀቱ ይቆይ።

ላቦራቶሪው የሚመልሳቸው ወረቀቶች

- ከፊት ቀይ፣ ከኋላ ነጭ፦ ደሙ አልጠለቀም። ጠብታው ሳይሞላ ነው የተነሣው።
- ዙሪያው የውኃ ቀለበት ያለው፦ ጣቱ ተጨምቋል ወይም አልኮሉ አልደረቀም።
- ጠቁሮ ያበጠ፣ ቅርፊት ያለው፦ ተደርቧል።
- ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለው፦ ሳይደርቅ ታሽጎ ሻግቷል።
- አንድ ኮድ በሁለት ወረቀት፦ ይህ የከፋው ነው። ሁለቱም ይጣላሉ፣ የሁለት ልጅ ሕመም በከንቱ ይቀራል።

«ፖዘቲቭ ከተባለስ?»

ይህን ወላጆችም ይጠይቃሉ፣ አዲስ ባለሙያዎችም ይጠይቃሉ። የኦቪ16 ፖዘቲቭ ማለት የልጁ ሰውነት ከትሉ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። አሁን ታሟል ወይም ዓይኑ ሊጠፋ ነው ማለት አይደለም። ቡድን ተመልሶ ልጁን ያገኘዋል፣ ከቆዳው ትንሽ ቅንጣት ይወስዳል፣ ትሉ አሁን መኖር አለመኖሩ በፒሲአር (የትሉን ዘረ መል በሚፈልግ ምርመራ) ይታያል። ደረጃ 1 ላይ ጎጡንና የአያቱን ስም ጻፉ ያልኳችሁ ለዚች ቀን ነው። ኮዱ ከተቀያየረ የምትወጉት ያልተነካውን ልጅ ነው፤ የሚታከመው ደግሞ ቤቱ ይቀራል።

መስክ ላይ ሳላችሁ ስለ ውጤት ምንም አትገምቱ። ወረቀት አይቶ የሚያውቅ የለም። «ውጤቱ በጤና ጣቢያው በኩል ይመጣል» በሉ፤ በእርግጥ እንዲመጣም ከአስተባባሪው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንዳንድ ዳሰሳ በወረቀት ፋንታ እዚያው የሚነበብ ፈጣን መመርመሪያ ይጠቀማል። እስከ ደረጃ 7 ያለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ጥቅሉ ላይ በተጻፈው ደቂቃ አንብቡ፤ አሳልፋችሁ ብታነቡት ያልነበረ መስመር ሊወጣ ይችላል። ለትራኮማ የአንቲቦዲ ክትትል ደም የምትወስዱም ወረቀቱና አደራረቁ ያው ነው፣ የልጆቹ ዕድሜ ግን ይለያል። ፕሮቶኮላችሁን ተመልከቱ።

ከዚህ በኋላም ጥያቄ ካላችሁ ፎቶ ላኩልኝ። የወረቀቱን ሁለቱንም ፊት፣ በቀን ብርሃን አንሡት። ከፊቱ ያማረ ጠብታ ከጀርባው ባዶ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ይታይ፣ መዝገቡ ግን ከፎቶው ውስጥ እንዳይገባ።